የዛይኛ ዕቅድ፣ ሁለተኛ ረቂቅ፦ ሐሳብ እስከ ዓርብ ብቻ

ጸሐፊ፦ የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶችን ቋንቋችንን፣ ዛይኛን፣ ለልጆቻችን የምናስተምርበት ረቂቅ ይኸው። መንገዱ የቋንቋ ተመራማሪዋ ሊያን ሂንተን በ1992 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ከነባር ሕዝቦች ጋር ሆና ያስጀመረችው ነው። አንድ አዛውንት፣ አንድ ወጣት፣ በሳምንት 10 ሰዓት፣ ዛይኛ ብቻ። ሰሌዳና ደብተር የለም። ሽንኩርት እየተከተፈ፣ ልብስ እየታጠበ፣ ገላን ገበያ እየተኬደ ነው። 6 ጥንድ ለ12 ሳምንት፣ ለአዛውንቱ በሰዓት 150 ብር፤ 108,000 ይመጣል። ባነር 3,150።

ገንዘብ ያዥ፦ ያለን 71,000 ነው። ባነሩ ላይ የማን ፎቶ ነው የሚወጣው?

ጸሐፊ፦ የቋንቋ ተመራማሪው የቮልፍ ሌስላው።

የቱሉ ዲምቱ አባል፦ አልስማማም። የኛ አዛውንቶች እያሉ?

ኮሚቴ፦ ሰውየው የዛይኛን መጽሐፍ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ዘጠናን አልፎ ነበር። ከሱ በላይ ማን ደከመልን?

የቱሉ ዲምቱ አባል፦ ድካሙን አልካድኩም። መመዝገብና ነፍስ መዝራት ግን ለየቅል ናቸው። በ1947 እ.ኤ.አ. ጋፋትኛን ፈልጎ ፈልጎ ያገኘው 4 ተናጋሪ ነው። ጥናቱን በ1956 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዛሬ መጽሐፉ አለ፣ ተናጋሪው የለም። ልጆቻችንን ተናገሩ የምንለው ያንን ፎቶ ሰቅለን ነው?

ኮሚቴ፦ ባይመዘግብ ጋፋትኛ የሚባል ነገር መኖሩን በምን ታውቅ ነበር? ሰው ሳታከብር ቋንቋ አታነሣም።

የገላን አባል፦ ፎቶው አነስ ብሎ ከጥግ ይሁን።

የቱሉ ዲምቱ አባል፦ ከጥግም አይሆንም።

የአቃቂ አባል፦ ሃያ መልእክት ስለ ፎቶ! ጥንዶቹን ያነበበ አለ? የሚበላሸው እዚያ ነው። ወጣቱ «ውኃ ምን ይባላል፣ ዳቦ ምን ይባላል» ካለ የሚይዘው የቃል ዝርዝር ነው፣ ንግግር አይደለም። መጀመሪያ መማር ያለበት «ይህን ምን እያደረግሁ ነው?»፣ «ድገሙልኝ» የሚሉትን በዛይኛ ነው። አዛውንቱም ልጁ ሲያቅተው ወደ አማርኛ መዝለል የለባቸውም፤ በእጅ ያሳዩ፣ ደግመው ይበሉ። ሲሳሳት ከተሳቀበት ዝም ይላል፣ በቃ። ስልጤኛ የሚያውቅ ልጅ ቶሎ ይገባዋል፣ ግን ይቀላቅላል፤ ለሱ ታጋሽ አዛውንት ይመደብ።

ገንዘብ ያዥ፦ 6 ጥንድ አንችልም። ቀረጻ ብቻ ቢሆንስ?

የአቃቂ አባል፦ ቀረጻም ሥራ አለው። 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ስቴሪዮ ከሆነ አንዱ ሰዓት 1 ጊጋባይት ይወስዳል። ማይክ ከአፍ አንድ ስንዝር፣ ትንሽ ወደ ጎን፤ ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሹ ይነፋበታል። ቀራጩ ማዳመጫ ከጆሮው አያውልቅ። የዕድሩ አዳራሽ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ከጀመረ አንድ ቃል አይለይም። ቅጂው ሦስት ቦታ ይቀመጥ። የአንድ ሰዓቱን ድምፅ መጻፍ ደግሞ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ማን ይጽፋል?

ጸሐፊ፦ ሁለት ልጆች ቃል ገብተው ነበር። አንዱ ስልክ አያነሣም፣ አንዱ ከግሩፑ ወጥቷል።

ኮሚቴ፦ ጋሼ፣ ትናንት ቃል አክርሬብዎት ከሆነ ይቅርታ። የሌስላው ፎቶ ይቅር፤ የዝዋይ ሐይቁ ቱሉ ጉዶ ደሴት ይውጣ።

የቱሉ ዲምቱ አባል፦ እኔም አክርሬያለሁ። ደሴቱ ይሁን። ምረቃውን ግን ድንኳን ተክለን፣ ምሳ አብልተን እናድርገው፤ ሰፈሩ ዛይ ማን እንደሆነ ይወቅ።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው 2 ጥንድ፣ 36,000። የተረፈው 35,000 ለድንኳን፣ ለምሳና ለባነር።

የአቃቂ አባል፦ መቅረጫውስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ከምሳው ከተረፈ።

የገላን አባል፦ ደሴቱ ከጀልባ ጋር ነው ያለ ጀልባ?