ማሽኑ እየሠራ ነው፣ የቀን እንቅልፉ ግን አለቀቀውም

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የምንኖረው አዳማ ነው። ሌሊት ሲያንኮራፋ ድንገት ትንፋሹ ቁርጥ ይልና እየባነነ ይነሳ ነበር። አዲስ አበባ ሲመረመር ከባድ የእንቅልፍ አፕኒያ ተገኘበት። ትንፋሹ በሰዓት 42 ጊዜ ይቋረጥ ወይም ይቀንስ ነበር። ከ30 በላይ ከሆነ ከባድ ነው ተባልን። ሲፓፕ የሚባለውን፣ በማስክ አየር እየነፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርገውን ማሽን ዘመድ ከውጭ ላከልን፤ ግፊቱን ሐኪሙ አስተካከለው።

አሁን ሁለተኛ ወሩን ይዟል። ማንኮራፋቱ ቆሟል፣ የጠዋት ራስ ምታቱም ለቆታል። ጠዋት ማሽኑ ላይ የምናየው፣ ትንፋሹ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየው ቁጥር ከ5 በታች ነው፤ ሐኪሙም የሚፈልገው ይኼንኑ ነው። ከምሳ በኋላ ግን አሁንም ቁጭ ባለበት እንቅልፍ ይጥለዋል። እስኪሻለው መሪ አይዝም ብለን ተስማምተናል። ገቢያችን ቢቀንስም ነፍስ ይበልጣል።

በመጀመሪያ የአፍንጫ ብቻ ማስክ ነበረው። አፉ ሲከፈት አየር ስለሚያመልጥ አፍና አፍንጫ በሚሸፍነው ቀየርነው፤ ማምለጡ ቀነሰ። የቸገረን ሙቀቱ ነው። የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ሳያውቀው ማስኩን አውልቆ ይጥለዋል። መብራት ሲጠፋም ማሽኑ ቀጥ ይላል። ስለዚህ በአብዛኛው ሌሊት የሚጠቀመው 5 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ በአብዛኛው ሌሊት የሚጠቀመው 5 ሰዓት ያህል ነው።

ማሽኑን የምትጠቀሙ ወይም ቤተሰብ ያላችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ መጠቀም ከተጀመረ በኋላ የቀን እንቅልፉ የለቀቀው ስንት ጊዜ ቆይቶ ነው?