ጥቆማ፦ በሀዋሳ በምስል ታግዞ የአጥንት ናሙና ማስወሰድ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የአባቴ የወገብ ሕመም ከአራት ወር በላይ አልለቅ ስላለው ኤምአርአይ ተነሥቶ፣ ከአከርካሪ አጥንቶቹ በአንዱ ላይ ጉዳት ታየ። የያዙት ሐኪም ቲቢ ይሁን ካንሰር ከምስሉ ብቻ መለየት እንደማይቻል ነግረውን፣ በምስል ታግዞ ከአጥንቱ ናሙና እንዲወሰድ አዘዙ። እዚሁ ሀዋሳ ማስደረግ ይሻላል ወይስ አዲስ አበባ መሄድ? በአልትራሳውንድ በትንሽ ዋጋ የሚወስዱ አሉ ተብለናል። ያለፈበት ሰው ቢጠቁመን።

መልስ

አባትዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። እኔም እናቴን በተመሳሳይ ሕመም ሳመላልስ ስለቆየሁ፣ የማውቀውን ሳልቆጥብ ልንገርዎ።

ከዋጋው በፊት መርፌው በምን ምስል እየታየ እንደሚገባ ይጠይቁ። የአልትራሳውንድ ድምፅ የጤነኛ አጥንትን ቅርፊት አልፎ ስለማይዘልቅ፣ በአጥንቱ ውስጥ ተደብቆ ያለ ጉዳት አያሳይም። ሆኖም ከአከርካሪው ጎን ባለው ጡንቻ ውስጥ መግል ከቋጠረ፣ ወይም እብጠቱ አጥንቱን ሰብሮ ወደ ሥጋው ከወጣ፣ ጨረር የሌለው አልትራሳውንድ ሁነኛ ምርጫ ነው፤ ስለዚህ ራዲዮሎጂስቱ ኤምአርአዩን አይተው ይወስኑ። በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገኘው ሲ-አርም የተባለው ራጅ አጥንቱንና መርፌውን በየቅጽበቱ ያሳያል፤ በዙሪያው ያሉትን የደም ሥሮችና ነርቮች ግን ለይቶ አያሳይም። ሲቲ ስካን አካሉን በስስ ቁራጭ ከፋፍሎ ስለሚያሳይ፣ የመርፌው ጫፍ ከጉዳቱ መሃል መድረሱንና ከኅብለ ሰረሰሩ መራቁን ማረጋገጥ ያስችላል። ለወገብ አጥንት እኔ የምመርጠው እርሱን ነው።

ቦታን በተመለከተ፣ በመጀመሪያ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ይጠይቁ፤ የማስተማሪያ ሆስፒታል በመሆኑ የራዲዮሎጂና የአጥንት ሐኪሞች በአንድ ግቢ ተመካክረው መወሰን ይችላሉ። የግል የምስል ማዕከላት ምስል ቶሎ ለማግኘት ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ምስል ማንሣትና መርፌ ማስገባት የተለያየ ሙያ ስለሆነ፣ ማሽኑ መኖሩን ሰምተው ብቻ አይሂዱ። ሐኪሙ ከአጥንቱ ከራሱ የተነሣ ካንሰር ከጠረጠሩ ግን፣ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንና ወገብ ለሚያመው ሰው ቢከብድም፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር እንዲጽፉልዎ ቢጠይቁ ይሻላል። በእንዲህ ያለ ካንሰር መርፌው ያለፈበት መሥመር በኋላ ከዕጢው ጋር ተቆርጦ ሊወጣ ስለሚችል፣ መርፌው በየት እንደሚገባ ቀዶ ሕክምናውን የሚሠሩት ሐኪም አስቀድመው መስማማት አለባቸው።

እኛን የጎዳን ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ የሚመስል ነገር ነው። እናቴ ናሙና የሰጠችበት ቦታ የተወሰደውን በሙሉ ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ጨመረው። ፎርማሊን ለፓቶሎጂ፣ ማለትም ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ለሚያየው ምርመራ፣ ተገቢ ነው፤ ተህዋሲያንን ስለሚገድል ግን ከዚያ በኋላ የቲቢን ጀርም ማሳደግ አይቻልም። የፓቶሎጂው መልስ «ቲቢ ሊሆን ይችላል» ብሎ ቆመ፤ ማረጋገጫው ስላልተገኘ እናቴ እንደገና በሆዷ ተኝታ ያንኑ መርፌ ተወጋች። ያን ቀን የተሰማኝን ጸጸት ማንም እንዲቀምሰው አልፈልግም። ስለዚህ ናሙናው በሁለት እንዲከፈል፣ አንዱ በፎርማሊን፣ ሌላው በንጹሕ ሳላይን (የጨው ውሃ) ሆኖ ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ጀርም በዘረመሉ ፈጥኖ ለሚለየው ምርመራ) እና ለካልቸር (ጀርሙን ለማሳደግ) ወዲያው ወደ ላቦራቶሪ እንዲሄድ ከመግባታችሁ በፊት ያረጋግጡ።

ስለ መርፌውም ይጠይቁ። በቀጭን መርፌ የሚሳበው ሕዋሳትን ብቻ ነው፤ የአጥንት ቁራጭ የሚያወጣው ግን ወፍራሙ የአጥንት መርፌ ነው፤ 11 ወይም 13 ጌጅ የሚባለው ማለት ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መርፌው ይወፍራል።

ሌላ መልስ

በራዲዮሎጂ ክፍል የምሠራ ነኝ፤ ከላይ የተባለው ትክክል ነው። ጥቂት ልጨምር። የኤምአርአዩን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሲዲውን ይዘው ይምጡ፤ መርፌው የሚገባበት ቦታ የሚታቀደው በምስሉ እንጂ በጽሑፉ አይደለም። አባትዎ ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ቀድመው ይንገሩ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡት። ብዙ ጊዜ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱት ሕዋሳት ቁጥር) ከ50,000 በላይ፣ አይኤንአር (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ልኬት) ደግሞ ከ1.5 በታች እንዲሆን እንጠብቃለን። ኢንፌክሽን ከተጠረጠረና የአባትዎ ሁኔታ አስጊ ካልሆነ፣ አንቲባዮቲክ ከናሙናው በፊት መጀመር የጀርሙን የመገኘት ዕድል ስለሚቀንስ፣ መድኃኒቱ ናሙናው እስኪወሰድ ይቆይ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ከተወጉ በኋላ እግራቸው ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ወይም ሽንት ከከለከላቸው፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይመለሱ።

የፓቶሎጂው ውጤት ቢዘገይ አይደንግጡ። አጥንት ጠንካራ ስለሆነ በስሱ ከመቆረጡ በፊት ካልሲየሙ በአሲድ እንዲሟሟ ይደረጋል፤ ይህ ብቻውን ቀናት ይወስዳል። የጂን ኤክስፐርቱ ውጤት ግን ቀድሞ ሊደርስ ስለሚችል ለብቻው ይከታተሉት።