«ቤቱን ሙሉ ይይዛል»

(የደሴና የአካባቢዋ ሰዎች የግሩፕ ወሬ፤ ተናጋሪዎቹ በየሰፈራቸው ተጠርተዋል።)

የሰኞ ገበያው፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንድ ልጅ ደሴ ውስጥ ኢንቨርተር (መብራት ሲጠፋ የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይር ማሽን) የሚሸጥ ነጋዴ ያለውን ጽፎልን ነበር። «ባለ 200 አምፔር ባትሪና ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ውሰድ፤ ቤቱን ሙሉ ይይዛል፣ ምጣድም ጭምር።» አናዶኝ ነው ያደርኩት። ሰው እኮ ተበድሮ ነው የሚገዛው። የኢንቨርተሩ 5 ኪሎዋት ቧንቧው ነው፣ በአንዴ የሚያሳልፈው ልክ፤ ባትሪው በርሜሉ። ቧንቧው ስለሰፋ ውሃው አይጨምርም። ባትሪው 12 ቮልት ነው፤ በ200 አምፔር ሰዓት ሲባዛ 2,400 ዋት ሰዓት ነው። የአሲድ ባትሪ ከሆነ ከግማሽ በታች ካወረድከው ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ 1,200 ብቻ ቀረህ። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ምጣዱ ሳይግል ባትሪው ያልቃል!

የፒያሳው፦ ነጋዴውን ሌባ አታድርገው ወንድሜ። እኔ ሁለት ዓመት ተጠቀምኩበት። አምስት አምፖል፣ ቲቪ፣ ዋይፋይ። አመሻሹን ሁሉ ይይዝልኛል። ለእኔ ቤቱ ሙሉ ማለት ያ ነው።

የሰኞ ገበያው፦ ሌባ አላልኩም። ያንተ ጭነት 140 ዋት ቢሆን ነው፤ ሰባት ሰዓት ይሄዳል፣ አምናለሁ። እኔ የያዝኩት «ምጣድም ጭምር» ያለውን ነው።

የኮምቦልቻዋ፦ ደሴ ብርድ ላይ ተቀምጣችሁ አትፍረዱ። እኛ ቤት ባትሪው ቆርቆሮ ስር ነበር የተቀመጠው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጎኑ አበጠ። ተርሚናሉ (ሽቦው የሚታሰርበት) ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጣ። ሙቀት የአሲድ ባትሪ ጠላት ነው።

የሐይቁ፦ ከሙቀቱ የባሰም አለ እህቴ። የአሲድ ባትሪ ለመሙላት ስምንት፣ አሥር ሰዓት ይፈልጋል። እኛ ጋ መብራት ሦስት ሰዓት መጥቶ ይሄዳል። ሳይሞላ እየዋለ እያደረ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ጠጣር ነገር ይጋገራል፣ ይሞታል። ሊቲየም የሚባለው ባትሪ ቶሎ ይሞላል፤ 80 በመቶውን ብትጠቀምም ብዙ አይጎዳም።

የቦሩ ሜዳው፦ ሊቲየም ሊቲየም ትላላችሁ፣ ብሩን ማን ይሰጠናል? እኔ ያገለገለ የአይሱዙ ባትሪ ገዝቼ እየሠራሁበት ነው።

የሐይቁ፦ የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት የተሠራ ነው። ቀስ እያልክ ሌሊቱን ስታወርደው ቶሎ ይሞታል። የት ነው ያስቀመጥከው?

የቦሩ ሜዳው፦ አልጋ ስር።

የሐይቁ፦ ያረቢ! ዛሬውኑ አውጣው። ቻርጅ ሲሆን የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። ልጆች አሉህ እኮ።

የቦሩ ሜዳው፦ አብሽር፣ አወጣዋለሁ። የዋጋውን ጥያቄ ግን አልመለሳችሁልኝም።

የሸዋበሩ፦ ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ ባትሪ። መብራቱ ይስተካከል የሚል ጠፋ? የመብራት ሂሳብ እየከፈልን ለምን ሌላ መብራት እንገዛለን?

የኮምቦልቻዋ፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ግን ልጄ ዘንድሮ ማትሪክ ተፈታኝ ናት። በሻማ እያጠናች እስኪስተካከል ልጠብቅ?

የሸዋበሩ፦ ጠብቂ አላልኩም ልጄ። ዝም አንበል ነው ያልኩት።

የፒያሳው፦ እኔ አሁንም ነጋዴው አልዋሸም ባይ ነኝ። ሙሉ ማለት ለሰው የሚበቃው ነው።

የሰኞ ገበያው፦ እንጀራ የማይጋገርበት ቤት ሙሉ ነው? ይህን ለእናትህ ንገራት። ቅዳሜ ምጣድ ይዤ ሱቁ እሄዳለሁ። ሰክቶ አንድ እንጀራ ያውጣልኝ።