ደቻቱ፦ ግንቡ ይጨመር ወይስ ቦታው ይለቀቅለት?

የከዚራው፦ አቦ፣ ነገሩን አናወሳስበው። በከዚራና በመጋላ መካከል ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ የጎርፍ ግንብ ከፍ ይበል ነው የምለው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ጎርፉ ያደረሰውን ያየ ሰው ሌላ አያስብም። ከ200 በላይ ሰው አልቋል፣ ብዙው በተኛበት። ግንቡ ከተሠራ ወዲህ ነው ክረምት ላይ እንቅልፍ ያገኘነው።

የመጋላዋ፦ የዚያ ሌሊት ሐዘን እኛም ቤት ገብቷል፤ ለወንዙ ቦታ ይለቀቅለት ብዬ የምከራከርህም ለዚሁ ነው። ባለፈው ክረምት ከላይ ተራራው፣ ደንገጎ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ እኛ ጋ ፀሐይ ነበር። ድልድዩ ላይ ቆሜ መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ። ከዚያ ቡናማ አረፋ መጣ፤ ጀሪካን፣ ነጠላ ጫማ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ቁልቋል እየገፋ። በማግሥቱ ስወርድ ግንቡ ሥር አሸዋ ተቆልሏል። ውሃው ከተራራ ወርዶ ሜዳ ሲያገኝ ጉልበቱ ይደክማል፣ የተሸከመውን ይጥላል። አንተ ግንቡን ስትጨምር እሱ ወለሉን ይጨምራል።

ይህን ሌሎችም አይተውታል። ኔዘርላንድ ለዘመናት ግንብ ስትደራርብ ኖራ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ወንዞቿ ሞልተው ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ካሸሸች በኋላ ግንቡን በየቦታው ወደ ኋላ ስባ ለወንዙ ሜዳ ለቀቀችለት። አሜሪካኖችም ፍሎሪዳ ውስጥ ኪሲሚ የሚባለውን 166 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ወንዝ 90 ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ ቦይ አደረጉት፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ጨረሱ። ረግረጉ ደረቀ፣ ወፉ ጠፋ። ከ1999 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. የገዛ ቦያቸውን ከፊሉን መልሰው ሲደፍኑ ቆዩ።

የአሸዋ ጫኙ ልጅ፦ እህቴ፣ አሸዋው ይቆለላል ያልሽው እውነት ነው። አባቴ ግን አሸዋ ጭኖ ነው ያሳደገን፤ በተቆፈረበት በኩል የግንቡ መሠረት ተገልጦ አይቻለሁ። የት ይቆፈር፣ የት አይቆፈር ካልተባለ የትኛውም ሐሳብ አያድነንም። ደግሞ የጠቀስሻቸው ውሃ የማይለያቸው ወንዞች ናቸው። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰውና አህያ የሚያቋርጠው መንገድ። ሲመጣ ደግሞ በአንዴ ነው። የኛ ሥራ ከላይ፣ ተራራው ላይ ነው፦ እርከን፣ ክትር፣ ከከብት የተከለለ ቁልቁለት። ውሃው እዚያው ካልዘገየ እዚህ ማንም አይመልሰውም።

የከዚራው፦ እርከኑ አፈር እስኪይዝ፣ ችግኙ ሥር እስኪሰድ ስንት ክረምት ያልፋል? እስከዚያ ሕዝቡን ምን ይከልለው? ቦታ ይለቀቅ የምትይውስ፣ ዳሩ ላይ ያለው የማን ቤት ነው?

የመጋላዋ፦ አንዱ የእናቴ ነው። ግንቡ ይፍረስ አላልኩም፤ ይጠገን፣ መሠረቱም ይጠበቅ። ለአዲስ ሲሚንቶ የታሰበው ብር ግን መጀመሪያ ለእርከኑና ለተነሺዎች ቤት ይዋል። ቁልፉ እጃችን ሳይገባ እናቴን አላስነሣም። ቤቱም ለገበያው ቅርብ ይሁን፤ ሳምቡሳ ጠብሳ ነው የምታድረው፣ ከከተማ ውጭ ወስደው ቢያስቀምጧት ለማን ትሸጣለች?