«ላን» ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ ቅጥር?

ጥያቄ፦ በዌልስ ካርታ ላይ በ«ላን» የሚጀምሩ የቦታ ስሞች እጅግ ብዙ ናቸው። ፍቺው «ቤተ ክርስቲያን» ነው ይባላል፤ ነገር ግን «ፔርላን» የፍራፍሬ አትክልት ቦታ መሆኑን ሳይ ግራ ተጋባሁ። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። «ላን» በመጀመሪያ የታጠረ መሬት ማለት ነበር፤ ለዚህም «ኮርላን» የበጎች በረት፣ «ግዊንላን» ደግሞ የወይን ቦታ ነው። የጥንት መነኮሳት መሬት ከልለው ሲሰፍሩ ቃሉ ከአጥሩ ወደ መቃብሩ ስፍራ፣ ከዚያም ወደ ሕንፃው ተሻገረ፤ በግእዝ ተራራ ማለት የሆነው «ደብር» ቤተ ክርስቲያንን ወደ ማመልከት እንደ ተሻገረ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ «ቅጥር» የሚለውን እመርጣለሁ።

ብዙ ጊዜ ከ«ላን» ቀጥሎ የሚመጣውን የቅዱሱን ስም ለማግኘት ግን የፊደል ለውጡን ማወቅ ያሻል። ከ«ላን» በኋላ «ት» ወደ «ድ»፣ «ፕ» ወደ «ብ»፣ «ም» ወደ «ቭ» ይለወጣሉ፦ የቴይሎ ቅጥር «ላንደይሎ»፣ የፓዳርን «ላንባዳርን»፣ በዌልሽኛ «ማይር» የምትባለው የእመቤታችን ማርያም ደግሞ «ላንቫይር» ይሆናል። የ«ላን» መነሻ ድምፅ ራሱ በፊደላችን አይጻፍም፤ ምላስዎን «ል» እንደሚሉ ላንቃ ላይ አስደግፈው፣ ድምፅ ሳያሰሙ በምላስዎ ጎን ትንፋሽ ብቻ ያውጡ።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። በእኛ ዘንድ ደብሩ የሚጠራው በታቦቱ ስም ስለሆነ «ላንደይሎ»ን «በቅዱስ ቴይሎ ስም የታነጸ» ብለን ለመተርጎም እንቸኩላለን፤ ነገር ግን በጥንታዊው የዌልስ ልማድ ስሙ ብዙ ጊዜ የመሥራቹ ወይም የደቀ መዛሙርቱ ማኅበር መጠሪያ ነው። ላንቫይር ግን የመታሰቢያ ስም መሆኑ ግልጽ ነው፤ እመቤታችን ዌልስ ሄዳ ቅጥር አላጠረችምና። ለመጀመሪያው «የቴይሎ ቅጥር»፣ ለሁለተኛው «በማርያም ስም የተሰየመ» ማለት ይሻላል።

ተጨማሪ መልስ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ከ«ላን» ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ቅዱስ አይደለም። «ላንዳቭ» የታቭ ወንዝ ቅጥር ነው፤ እዚህም «ት» ወደ «ድ» ተለውጧል። «ላንካርቫን» ደግሞ ቀድሞ «ናንትካርቫን» ይባል ነበር፤ «ናንት» ጅረት ወይም ሸለቆ ነው። የቅዱስ ካዶግ ገዳም በዚያ ስለ ነበረ ሰው ጆሮው የለመደውን «ላን» በቦታው ተካ።