የጡት ካንሰር ትምህርት ለተማሪዎች ወይስ ለእናቶች? (ክርክር)

አወያይ፦ ነገሩን ላልሰሙት ላሳጥረው። ደብረ ብርሃን አጠገብ ያለ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅና መምህር ኅብረት ቅዳሜ ተሰብስቦ ሳይስማማ ተበትኗል። የቀረበው ሐሳብ በጥቅምት አንድ ጠዋት፣ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በሙሉ ስለ ጡት ካንሰር እንዲማሩ ነው። ሴቶቹ ጡታቸውን እንዴት እንደሚዳስሱም በጎማ ምስል ይታያል። የጡት ካንሰር ዘመቻ ምልክት ለሆነው ሮዝ ሪቫንና ለካናቴራ መዋጮ ይሰበሰባል። ምን ትላላችሁ?

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አባት፦ ቅዳሜ የተቃወምኩት እኔ ነኝ፤ እዚህም አልደብቅም። ልጄ 15 ዓመቷ ነው። በዚያ የጠዋት ቁር ወንዶቹ ከኋላዋ እየተንሾካሾኩ ስለ ጡት ሲወራ ቆማ ትስማ? ትምህርቱን በሳምንት ትረሳዋለች፤ የሚያወጡላት ቅጽል ስም ግን እስከ 12ኛ ክፍል ይከተላታል። ደግሞስ ይህ የልጅ በሽታ ነው? እናቶችን ጥሩ፣ ቡና ይፈላ፣ ይነገራቸው። እኔ ነቀርሳን አልናቅሁም።

የባዮሎጂ መምህርት፦ «እናቶችን ጥሩ» ማለት ቀላል ነው። በወላጆች ቀን ስንጠራ የሚመጣው አባት ነው፤ እናት ወይ ገበያ ናት ወይ ከብት ጋር። ልጅቷ ግን በየቀኑ ፊቴ ተቀምጣለች። ወንዶቹም ይስሙ። ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች አንዱ ወይም ከዚያ የሚያንሰው ወንድ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ያንን ሳቅ ለማስቆም ይበቃኛል።

የጤና ጣቢያ ነርስ፦ ሙያዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለ ዕድሜው አባትየው እውነት አላቸው። በ15 እና በ16 ዓመት የሚገኝ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ሲነኩት የሚንሸራተት ጉዳት የሌለው እጢ ነው። ስለዚህ የጎማውን ምስል አልደግፍም። ሻንጋይ ውስጥ 266,000 ያህል የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች፣ እንደ እኛ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያሉ ሴቶች ማለቴ ነው፣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በየወሩ ራሳቸውን መዳሰስ ተማሩ። ከ10 ዓመት ገደማ ክትትል በኋላ በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው ውጤት በሞት ረገድ ልዩነት አላሳየም። የተማሩት ካንሰር ላልሆነ እብጠት ብዙ ጊዜ ተቀደዱ፤ ትርፉ ይህ ነው። ልጆችን በየወሩ ከማስደንገጥ ምልክቱን ማሳወቅ ይሻላል።

የባዮሎጂ መምህርት፦ እህቴ፣ የሻንጋይ ሴት ጉብታ ስታገኝ የምትሄድበትን ታውቃለች። የእኛዎቹ የሚመጡት ቆስሎ፣ ሸትቶ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አትስፈሪብን።

ነርስ፦ እንዲያውም ለእኔ ነው ያገዝሽኝ። የጎደለው ዳሰሳ ሳይሆን አይተው ዝም አለማለት ነው።

የመንዝ ልጅ፦ እዚህ ላይ ልግባ። አክስቴ የጡቷን እብጠት ሁለት ዓመት ሙሉ በነጠላዋ ሸፍናው ኖረች። አላመማትም፤ ያዘናጋትም ያ ነው፤ የማያም ነገር በሽታ አይመስልም። በመጀመሪያ ምች ነው ተባለ። ቀጥሎ ሸንኮራ ዮሐንስ ሄደች፣ ጻድቃኔ ማርያምም ሰነበተች። ጸበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እጠመቃለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። «ነቀርሳ ብረት ከነካው ይባዛል» ያሏት ጎረቤቶች ናቸው ከሐኪም ያስቀሯት። ልብሷን የምታጥብላት የአሥረኛ ክፍል ልጇ ነበረች። የጡት መያዣዋ ላይ ደም ያለበት እድፍ ደጋግማ አይታለች። ምን እንደሆነ አላወቀችም፤ እናትን ስለ ጡቷ መጠየቅም ነውር መሰላት። አጥባ አሰጣችው። አክስቴ ሆስፒታል ስትደርስ ቀዶ ሕክምናው የሚረዳበት ጊዜ አልፎ ነበር። አባት ሆይ፣ ልጅዎን ስለ ራሷ ጡት አታስተምሯት፤ ስለ እናቷ ግን ትወቅ። ያቺ ልጅ ዛሬም እድፉን እያነሳች ታለቅሳለች።

አባት፦ ነፍስ ይማር። ይህን በስብሰባው ላይ የነገረኝ የለም።

ነርስ፦ እንግዲያው የሚነገረው አጭር ነው። በጡት ወይም በብብት ሥር የማይጠፋ እብጠት፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተሸበሸበ ቆዳ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ደም ያለው ፈሳሽ። ባያምም ጤና ጣቢያ መምጣት። በመርፌ ናሙና መውሰድ በሽታውን አያባዛም፤ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዘው ቤት ቢገቡ እኔ ጠገብኩ።

የእድር ጸሐፊ፦ የካናቴራው ነገር ተዘለለ። የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት ሴት ጤና ተቋም ከረገጠች በ60 ቀን ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ ይታወቅ ይላል። ከገጠር ደብረ ብርሃን መውረድ፣ ከዚያም ካስፈለገ 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ፣ አልጋ፣ አስታማሚ፤ 60 ቀኑ ያለ ገንዘብ እንዴት ይሞላል? የጨረር ሕክምና እኮ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። የካናቴራው መዋጮ በእድሩ በኩል ለትራንስፖርት ይቀመጥ። ሮዝ ጨርቅ ለብሶ ፎቶግራፍ መነሳት ያማረው በራሱ ኪስ ይግዛ።

የባዮሎጂ መምህርት፦ ሪቫኑን ልጆቹ ከአሮጌ ጨርቅ ይሠሩታል፤ እሱን ተዉልኝ። ገንዘቡን ግን ተቀብያለሁ።

አባት፦ ልጄን በዚያ ቀን አላስቀራትም። ነገር ግን በክፍል ውስጥ ይሁን፤ ወንዶቹም ለብቻቸው። ከዚህ አልወርድም።

የባዮሎጂ መምህርት፦ ለብቻቸው ይሁን። ወንዶቹን ማን ያስተምር? እርስዎ?

አባት፦ እኔማ አፌን ያስረኛል። ወንድ ነርስ የላችሁም?

ነርስ፦ አለ፤ ሐሙስ ሐሙስ ተረኛ አይደለም። ዛሬ ማታ እጠይቀዋለሁ።