180 ኪሎባይት ፋይል ኢቴሪየም ብሎክቼይን ላይ አልገባ አለኝ፣ አስቸኳይ!

ቤቲ_ኮድ፦ እባካችሁ ቶሎ። የሰርተፍኬት ስካን ነው፣ በኮንትራቱ (ቼይኑ ላይ በሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ በስትሪንግ፣ ማለትም በጽሑፍ መልክ፣ ላስቀምጠው ስል የጋዝ (የግብይት ክፍያ የሚሰላበት መለኪያ) ግምቱ ላይ ይወድቃል። ነገ ጠዋት ለደንበኛ ላሳይ ነው።

ጎበዝ21፦ የጋዝ ገደቡን ከፍ አድርጊው።

ሰንሰለት፦ ከፍ ብታደርጊውም አይገባም። ስቶሬጅ (የኮንትራቱ ቋሚ ማከማቻ) የሚሞላው በ32 ባይት ክፍል ነው፤ 180 ኪሎባይት 5,760 ክፍል ይወጣዋል። ባዶ ክፍል መጀመሪያ ሲጻፍበት 22,100 ጋዝ ይበላል። አባዢው፦ 127 ሚሊዮን። አንድ ግብይት ደግሞ ከ16.7 ሚሊዮን አያልፍም።

ፍሬም_ሻጭ፦ ግድግዳ ላይ ስቀዪው፣ ጋዝ አይጠይቅም 😂

መምህሩ፦ ዋጋው ያለ ምክንያት አልተሰቀለም። አንቺ የምትከፍዪው አንዴ ነው፣ ውሂቡን ግን እያንዳንዱ ኖድ (ኔትወርኩን የሚያንቀሳቅስ ኮምፒውተር) ዕድሜ ልኩን ይሸከማል፤ የወር ኪራይ የለም። ስትሰርዢ የሚመለስልሽም በክፍል 4,800 ብቻ፣ እሱም ከግብይቱ ጋዝ አንድ አምስተኛ ሳያልፍ።

ሚኪ_ኖድ፦ ብሎብስ (ከግብይት ጋር የሚያያዝ ጊዜያዊ የውሂብ ጥቅል)? አንዱ 128 ኪሎባይት ነው፣ ሁለት ይበቃል።

ሰንሰለት፦ ኖዶች ብሎብን ከ18 ቀን ገደማ በኋላ ይጥሉታል፣ ኮንትራትም ውስጡን አያነበውም። ለሰርተፍኬት አይሆንም። የግድ ቼይን ላይ ይሁን ካልሽ በኮንትራት ኮድነት አስገቢው፦ በባይት 200 ጋዝ፣ አንዱ ኮንትራት ከ24,576 ባይት ስለማያልፍ በ8 ተከፋፍሎ። ከግብይቶቹ ወጪ ጋር በድምሩ ከ40 ሚሊዮን ትንሽ ይበልጣል፤ እያንዳንዱ ግብይት ግን ከገደቡ በታች ነው።

ጎበዝ21፦ የጋዝ ገደቡን ሞክረሻል?

ፍሬም_ሻጭ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብብ እንጂ።

ሀና_ዴቭ፦ ምስሉ እዚያ ምን ይሠራል? የሰው ስምና ፎቶ አለበት፣ አንዴ ከገባ አይወጣም። የፋይሉን ሻ256 ሃሽ (ፋይሉ ትንሽ ቢቀየር የሚለወጥ አሻራ) አውጪ፣ 32 ባይት ናት፣ አንድ ክፍል። ከግብይቱ መነሻ 21,000 ጋር ከ45,000 ጋዝ ብዙም አይርቅም። ብዙ ሰርተፍኬት ካለ ሃሾቹን በመርክል ዛፍ (ሃሾችን ጥንድ ጥንድ እያደረገ ወደ አንድ ሃሽ፣ ወደ ሥሩ፣ በሚያጠቃልል) አሰባስቢና ሥሩን ብቻ ጻፊ፤ 300 ቢሆኑም በአንድ ክፍል ያልቃል። ፋይሉ ራሱ በሰርቨራችሁ ይቀመጥ፣ ሁለት ቅጂ ይኑረው፤ እሱ ከጠፋ ሃሹ ብቻውን አይመልሰውም። አንድ ነገር ደግሞ፦ በቴሌግራም ስትልኩት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን። ፎቶ ከሆነ ይጨመቃል፣ ሃሹ አይገጥምም፣ እውነተኛው ሰርተፍኬት ሐሰተኛ ይባላል።

ቤቲ_ኮድ፦ ግን ደንበኛው «ሁሉም ቼይን ላይ» ነው ያለው።

ሀና_ዴቭ፦ የ40 ሚሊዮኑን ሒሳብ በዛሬው የጋዝ ዋጋ አባዝተሽ፣ በሰርተፍኬቶቹ ቁጥር መትተሽ አሳዪው። አሁንም ካለ ይክፈላ።